በምላጭ የቆረጥኳቸው ገጾች

አሥራ አራቱን ገጾች የቆረጥኳቸው በጢም ምላጭ ነው። ገጾቹ የነበሩት በአንድ የእንግሊዝኛ መልመጃ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ከመጽሐፉ ጋር በሚመጡት የድምፅ ቅጂዎች ውስጥ የሚባለው ሁሉ ቃል በቃል ተጽፎባቸዋል። እነሱን ካወጣሁ በኋላ የቀረውን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አባዛሁና ለተማሪዎቼ አደልኩ። አንዱ ተማሪ ኮፒውን አገላብጦ፣ "ቲቸር፣ መጨረሻው የታለ?" ሲለኝ፣ "እያያችሁ እንዳትኮርጁ ነዋ" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚኮርጀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህን ስጽፍ "አይዞህ፣ ማንም ይሳሳታል" እንድትሉኝ አይደለም። እንደሱ ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ምንም አልጠቀሙኝም። እንዲሁ ከዚህ ነገር ለማንም ያልተናገርኩት ክፍል አለና ሲከብደኝ ነው።

የማስተምረው ጎሮ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። ተማሪዎቼ ሥራ ውለው የሚመጡ አዋቂዎች ናቸው። ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነው ዮናስ አለ፤ ቦሌ አንድ ሆቴል እንግዳ የምትቀበለው ትዕግሥት አለች፤ ሆስተስ ለመሆን ሦስት ጊዜ ተፈትነው የወደቁ ሁለት እህትማማቾች አሉ። በንባብ አልታማም፤ የትኛውንም ጽሑፍ አምጡልኝ፣ እስከ ነጥቡ አፍታታዋለሁ። ቃላትም ቢሆን መዝገበ ቃላት እየሸመደድኩ ነው ያደግሁት። ጆሮዬ ግን አይሠራም ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው አፉን ሲከፍት እኔ የማውቃቸው ቃላት ሁሉ ተጋጭተው አንድ ጩኸት ይሆኑብኛል። ስማር ያስተማሩኝ መምህራን ሁሉ አበሾች ነበሩ፤ እነሱን ጥርት አድርጌ እሰማለሁ።

ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። ክፍል ከመግባቴ በፊት የዕለቱን ገጽ ቤቴ አጠናለሁ። ክፍል ውስጥ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አጫውትና፣ "እሺ፣ ምን ሰማችሁ?" እላለሁ። አንዱ አንድ ቃል፣ ሌላው ሁለት ቃል ይለቅማል። ሦስተኛውን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጥና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንበለብለዋለሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ስም ሁሉ ወጥቶልኝ ነበር፤ "ቲቸር ጆሮ" ነው የሚሉኝ። ስሙን ወደድኩት፤ ምን አሳፈረኝ!

እማማ ለተ የመጡት ክረምቱ እንደወጣ ነው። ሙሉ ስማቸው ለተብርሃን ነው፤ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው። ሲኤምሲ ነው ቤታቸው። ከባለቤታቸው ጋር የመኪና መለዋወጫ ሲነግዱ ኖረው፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ ሱቁን ለልጃቸው ለፍስሐ አስረክበዋል። ሴቷ ልጃቸው ሰላም ሜልቦርን ትኖራለች። ሰላም ደግሞ ኤደን የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻት፤ እዚያው የተወለደች፣ ትግርኛም አማርኛም የማትችል።

"የልጅ ልጄን በአስተርጓሚ ነው የማወራት" አሉኝ ሊመዘገቡ የመጡ ቀን። "ልጅቷ አንድ ደቂቃ ሙሉ አውርታ አውርታ ስታበቃ፣ ፍስሐ 'ደህና ነኝ ነው የምትለው' ይለኛል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ደህና ነኝ ይባላል እንዴ? የቀረውን ማን በላው?"

ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ሦስት ደብተር አላቸው፤ አንዱ ለቃላት፣ አንዱ ለንባብ፣ አንዱ ለማዳመጥ። ከሰኞ እስከ እሑድ ያሉትን ቀናት በእንግሊዝኛ ጽፈው ፍሪጃቸው በር ላይ ለጥፈዋል፤ ወተት ባወጡ ቁጥር ያነቧቸዋል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ለሰላም ይደውላሉ። አንድም እሑድ አሳልፈው አያውቁም። ሰኞ ክፍል ሲመጡ ከኤደን አዲስ የሰሙትን ቃል ለሁላችን ያወሩልናል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ የዕለቱን ገጽ አጥንቼ ጨርሼ፣ ስፒከሩን ልሰካ ስል እማማ ለተ እጃቸውን አወጡ።

"ቲቸር፣ የዛሬው ሊስኒንግ የእኔ ይሁን" አሉ ስልካቸውን ወደ ላይ አንሥተው። "ኤደን ናት፤ ዛሬ ጠዋት የላከችው ነው። ለፍስሐ አላሰማሁትም። ራሴ ልስማው ብዬ አሥር ጊዜ ታገልኩ፤ ጥቂት ቃል ነው የያዝኩት።"

"ደስ ይላል!" አለች ትዕግሥት። "ቲቸር፣ በናትህ ይሁን!"

ክፍሉ በሙሉ ይሁን አለ። ይህ ቅጂ ገጽ የለውም። አፌ ግን፣ "በደስታ! ሪል ላይፍ ሊስኒንግ ከዚህ በላይ የለም" አለ።

አርባ ሰባት ሰከንድ ነው ቅጂው። ልጅቷ ድምፅዋን ቀንሳ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው። መጀመሪያ ላይ "ግራንድማ" የሚል ሰማሁ። ከዚያ "ማም" የሚል፣ ከዚያ "መንደይ" የሚል። ሌላው ጩኸት ነው።

"እሺ፣ ምን ሰማችሁ?" አልኩ እንደ ልማዴ።

"መንደይ ብላለች" አለ ዮናስ።

"ኮል የሚል ነገር አለ" አለች ከእህትማማቾቹ አንዷ።

ትዕግሥት ፊቷ ከበድ ብሎ ነበር። "ደንት ቴል ያለች መሰለኝ። ግን ቲቸር... ልጅቷ ደስ ያላት አትመስልም። ድምፅዋ ልክ አይደለም።"

ትዕግሥት ከሁላችንም በፊት በትክክል ሰምታ ነበር። እኔ ግን ቀጥሎ ምን እንደምል እያሰብኩ ነበርና አላዳመጥኳትም። "በሹክሹክታ ስለምታወራ ነው" ብዬ ዘጋኋት። ሦስተኛውን ጊዜ አጫወትኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰኞ። አትንገሪ። አያቴ። መደወል። አራቱን ደርድሬ በመሃል የጎደለውን ከራሴ ሞላሁት።

"ምስጢር ነው!" አልኩ ዓይኔን ገልጬ። "ሰኞ አንድ ነገር አለ። ለአያቴ እንዳትነግሪ ተብያለሁ ነው የምትለው። ሰርፕራይዝ ሊያደርጉዎት ነው እማማ!"

እማማ ለተ ብድግ አሉ። "ሊመጡ ነው?"

እኔ ሊመጡ ነው አላልኩም ነበር። ግን ፊታቸውን አይታችሁት ቢሆን! "እንደዚያ ነው የሚመስለው" አልኩ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እህትማማቾቹ እልል አሉ። እኔም የደስታው ባለቤት ሆኜ አንድ ምክር ጨመርኩ። "ታዲያ እንዳያበላሹባቸው፤ እነሱ እስኪደውሉ እርስዎ አይደውሉ። እርስዎ ከደወሉ ድምፅዎ ያሳብቅብዎታል።"

"ነገ እሑድ አይደለም እንዴ? ሳልደውል ልቅር?"

"አንድ እሑድ ነው እኮ" አልኳቸው።

እሺ አሉ። ሲወጡ ቅጂውን በቴሌግራም ላኩልኝ፤ "ለሌሎቹ ተማሪዎችህም መለማመጃ ይሁንልህ" ብለው።

"አልሰማሁትም" ለማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አሥራ ሰባት ሰው እያየኝ ቲቸር ጆሮ መሆኔን ማጣት ስላልፈለግሁ ብቻ አላልኩትም። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣለሁ።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እማማ ለተ ቀድመውኝ ክፍሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸው ላይ ነጭ የቀለም ጠብታ አለ። ለኤደን ክፍል አስቀብተው፣ አልጋ አስገዝተው፣ መጋረጃ ሰቅለው ነው የመጡት። "ለፍስሐ እንኳ አልነገርኩትም" አሉኝ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው። "'ቤቱን ምን አስነካሽ?' ሲለኝ 'ደስ ስላለኝ ነው' አልኩት። እሱም ፊቱ ጥሩ አይደለም፤ ሥራ ሳይበዛበት አይቀርም። በል ቲቸር፣ ኤርፖርት ላይ ሳገኛት የምለውን አስተምረኝ። እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ እንዴት ነው የሚባለው?"

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ክፍሉ በሙሉ አብሯቸው እየደገመ አለማመዳቸው። እሳቸውም ማዳመጫ ደብተራቸው ላይ በትልልቁ ገለበጡት። በኋላ ሰዓቱን ስቆጥረው፣ ያን ዓረፍተ ነገር ስናስጠናቸው ሰላም በሕይወት አልነበረችም። ፍስሐም መርዶውን በምን መንገድ እንደሚያስነግር ከሽማግሌዎች ጋር እየተመካከረ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ትዕግሥት ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ እማማ ለተ ተረድተዋል። ሳይነጋ ነው የነገሯቸው።"

"ማን ሞቶባቸው?"

"ልጃቸው ሰላም። ሰኞ ኦፕሬሽን ላይ እያለች።" "ቲቸር" አለችኝ ቆይታ፣ "ሰኞ እኮ ነው።" ስልኩን ዘጋችው።

ቤቴ ቁጭ ብዬ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁ። ቅጂውን ሦስት ሦስት ሰከንድ እየቆረጥኩ፣ የሰማሁትን ወረቀት ላይ እየጻፍኩ፣ እየሰረዝኩ፣ ወደ ኋላ እየመለስኩ አዳመጥኩ። አንዷን ቁራጭ ሠላሳ ጊዜ ሳልደግማት አልቀርም። በዕድሜዬ እንግሊዝኛ በእውነት ሳዳምጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ምሳ ሰዓት አልፎ ከሰዓት ላይ ሁሉም ወረቀቱ ላይ ነበረ። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው የሚለው፦

"አያቴ፣ እኔ ነኝ። ማሚ ሰኞ ኦፕሬሽን ልትሆን ነው። ላንቺ እንዳልነግርሽ ብላኛለች፤ እንዳትጨነቂ ብላ ነው። ግን ፈርታለች፤ ትናንት መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። እሷ አትደውልልሽም፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል ትላለች። እሑድ ስትደውዪ ግን ብዙ አውሪያት፣ እሺ? ቶሎ አትዝጊ። ያንቺን ድምፅ ስትሰማ ደህና ትሆናለች። እኔ እንደነገርኩሽ ግን አትንገሪያት። እወድሻለሁ።"

ቤተሰቡ በሙሉ ያውቅ ነበር። የሰላም ባል ያውቃል፣ ፍስሐ ያውቃል። እንደ አገራችን ልማድ እናት እንዳትሰማ ተማምለው ደብቀዋል። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻ ልማዱን ሳታውቅ እውነቱን ላከች፤ እኔ ጋ ደርሶ ቀረ።

ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትዕግሥትና ከዮናስ ጋር ሲኤምሲ ሄድን። ድንኳኑ ከግቢው አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል። ጥግ ይዤ ልቀመጥ ስል እማማ ለተ አዩኝ። ጥቁር ለብሰው፣ በሁለት ሴቶች መሃል ተቀምጠዋል። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቀርቤ ጎንበስ ስል አንገቴን አቀፉኝ።

"ወደይ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። "አስተማሪዬ ነው። እሱ ያን ቀን ሰምቷል። ልጅቷ ሰኞ ያለችው ይህንኑ ኖሯል፤ ነግራኝ እሱ ሰምቷል። በሰው ፊት እንዳልወድቅ ብሎ፣ ሌላ ነገር ነው ብሎ ብቻውን ይዞት ሄደ። ተመልከቱ፣ ሊመጡ ነው ብሎ ሁለት ቀን አስደስቶኛል። እግዚአብሔር ይስጥህ።"

ሴቶቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ መረቁኝ። ፍስሐ ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "ወንድሜ፣ ለዚህ ውለታህ ቃል የለኝም" አለኝ። ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ ዝቅ አድርጎ፣ "እሑድ እማዬ ሳትደውል ስትቀር ሰላም ደውላልኝ ነበር። 'እማዬ ምን ሆና ነው? አሟታል እንዴ?' አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። እሷ እንኳ ለኦፕሬሽን ልትገባ ለእማዬ ነበር የምትጨነቀው" አለኝ።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩ። ይህችን ብቻ ነው ያልኩት። ወደ ወንበሬ ስመለስ ትዕግሥት እያየችኝ ነበር። ከድንኳኑ ስንወጣም የሄደችው በሌላ ታክሲ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ እማማ ለተ አስጠሩኝ። ሰው ቀለል ብሏል። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና አንድ በር ከፈቱ። ለኤደን ያስቀቡት ክፍል ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ትንሿ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በእጃቸው የማዳመጫ ደብተራቸውን ይዘዋል።

"መደበቅህን ይቅር ብዬሃለሁ" አሉኝ። "አሁን ግን ቃል በቃል አስተምረኝ። ልጅቷ ያለችውን በራሴ ጆሮ መስማት እፈልጋለሁ። ቀስ እያደረግህ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ደቂቃ ማምለጥ እችል ነበር። ቅጂውን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ማስተማርም ያን ጊዜ ቀላል ነበር። ስለ እሑድ የምትለዋን ብቻ ዘልዬ ብሄድ፣ ደግ ሰው ሆኜ ከዚያ ቤት እወጣለሁ። እንደዚያም ጀመርኩ። ትንሽ አጫውታለሁ፣ እተረጉማለሁ። "ማሚ ሰኞ ኦፕሬሽን ልትሆን ነው።" እሳቸው ቃላቱን እየደገሙ ይጽፋሉ፤ እንባቸው ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ስንደርስ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ጣቴን አሳልፌ ወደ መጨረሻው ወሰድኩት።

"ቆይ" አሉኝ። "መልሰው።"

መለስኩት።

"ሰንደይ አለች።" ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። "ሰንደይ ነው ያለችው። ፍሪጄ ላይ ያለ ቃል ነው። ሰንደይ ምን?"

ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። "እማማ፣ እኔ ያን ቅዳሜ ምንም አልሰማሁም ነበር።"

"አልሰማሁም ማለት?"

"አልደበቅኩዎትም። አልገባኝም ነበር። ጆሮዬ እንግሊዝኛ አይሰማም። ክፍል ውስጥም ከመጽሐፉ የቆረጥኩትን ገጽ እያጠናሁ ነው የማስተምራችሁ።"

"ሊመጡ ነው ያልከውስ?"

"ፈጠርኩት።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መጋረጃውን እያዩ፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ፣ "አልሰማሁትም ብትለኝ እኮ ለሌላ ሰው አሰማው ነበር" አሉ። "ስንት ሰው አለ።"

ስልኩን ከአልጋው ላይ አንሥተው ሰጡኝ።

"በል፣ ሰንደይ ምን እንዳለች ንገረኝ።"

ነገርኳቸው። ብዙ አውሪያት፣ ቶሎ አትዝጊ እንዳለች፣ ድምፅዎን ስትሰማ ደህና ትሆናለች እንዳለች። አላለቀሱም። ደብተሩን ዘርግተው እስክሪብቶውን እጄ ላይ አስቀመጡ። "ሁሉንም ጻፍልኝ። አንድም ሳታስቀር። ከዚያ ሂድ።"

የትንሿ ልጅ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ አርባ ሰባቱን ሰከንድ ቃል በቃል፣ ከላይ በእንግሊዝኛ ከሥር በአማርኛ ጻፍኩላቸው። አንድ ገጽ ሞላ። እሳቸው በሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። ስወጣ እጃቸውን አልሰጡኝም።

ሰኞ ለክፍሉ በሙሉ ተናገርኩ። አሥራ አራቱን ገጾች አባዝቼ ለእያንዳንዱ አደልኩ። ስድስት ተማሪዎች ከዚያ ቀን በኋላ አልመጡም። ዮናስ ገጾቹን እያገላበጠ፣ "እኛ እኮ ራሳችንን ደደብ ነን ብለን ነበር" አለኝ። ከሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው። ስንት ወር ሙሉ በእኔ ውሸት ልክ ራሳቸውን ሲለኩ ኖረዋል። ትዕግሥት ቀረች፤ አሁን በማዳመጥ ክፍለ ጊዜ ብዙውን የምታስተምረው እሷ ናት። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር እቀመጥና፣ "ይቺ አመለጠችኝ፤ መልሺልን" እላለሁ። ቲቸር ጆሮ የሚለኝ የለም።

እማማ ለተ ወደ ክፍል አልተመለሱም። ትዕግሥት እየሄደች ትጠይቃቸዋለች። እሑድ እሑድ ለኤደን ይደውላሉ አሉ፤ ያለ አስተርጓሚ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መቼም አንድ ቀን የማታውቁትን ነገር የሚጠይቃችሁ ሰው ፊታችሁ ይቆማል። ምናልባት ተማሪያችሁ ነው፣ ምናልባት ልጃችሁ። አላውቅም በሉት። ሌላ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ይሂድ። መንገዱን አትዝጉበት።

ቅጂው ስልኬ ላይ አለ፤ ላጠፋው አልቻልኩም። አንዳንድ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እሰማና አጫውተዋለሁ። አሁን አንድም ቃል አያመልጠኝም።